ባለቤት የሌለው ተራራ

በዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ የመሬት ግዢ በጥንቃቄ ይመዘገባል። አብርሃም ሣራን የቀበረበትን እርሻና ዋሻ ከኬጢያዊው ኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ሲገዛ፣ ድርድሩ ከመግቢያው እጅ መንሻ አንሥቶ እስከ ምስክሮቹ፣ በእርሻው ድንበር እስከ ቆሙት ዛፎች ድረስ ተጽፎለታል። ዳዊት መሠዊያ የሠራበትን የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ መግዛቱም ከነዋጋው ተጽፏል፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ለአውድማውና ለበሬዎቹ 50 ሰቅል ብር ሲል፣ ዘግይቶ የተጻፈው ዜና መዋዕል ለቦታው 600 ሰቅል ወርቅ ይላል (የመሬት ዋጋ እያደር መናሩ የእኛ ዘመን ነገር ብቻ አለመሆኑ ነው)። የእስራኤል ንጉሥ ዘንበሪ የሰማርያን ኮረብታ በሁለት መክሊት ብር መግዛቱም አልተዘለለም። ከተራሮቹ ሁሉ ታላቁ ሲና ግን ሻጭም ገዢም የለውም። በላዩ ተቀበረ የተባለ አባት የለም። ሙሴ ከግርጌው ያቆማቸው 12 ሐውልቶች ከዚያች ቀን በኋላ ተመልሰው አይነሡም። ሕዝቡ አንድ ዓመት ያህል ከሥሩ ሰፍሮ፣ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ ተመልሶ እንዲሳለመው የታዘዘበት በዓል በአምስቱ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም።

ይህን ዝምታ ብዙ አንባቢ ልብ ሳይለው ያልፋል። ሲና ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጢሱና መብረቁ ስለሆነ፣ መብረቁ ካለፈ በኋላ ተራራው ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን የተራራውን ትርጉም የምፈልገው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ መጻሕፍቱ ሲናን ያለ ባለቤትና ያለ አድራሻ የተዉት አውቀው ይመስለኛል። ስለሆነም ቅድስናን እንደ ርስት ማስረጃ ይዘው አደባባይ የሚወጡ ሰዎች፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጆች ይሁኑ፣ ከዚህ ተራራ ምስክርነት አያገኙም።

እስቲ ኦሪት ዘጸአትን ከምዕራፍ 19 ጀምረን ቀስ ብለን እናንብብ። ሕዝቡ ከግብፅ በወጣ በሦስተኛው ወር ወደ ምድረ በዳው ደረሰ። ልብሱን አጥቦ ለሦስተኛው ቀን እንዲዘጋጅ ታዘዘ። በተራራው ዙሪያ ወሰን ተደረገ፤ ያን ወሰን ያለፈ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ይሞታል፤ ያውም የሚቀጡት ሰዎች እጃቸው እንዳይነካው ከሩቅ ሆነው በድንጋይ ወይም በፍላጻ ነው። በመጻሕፍቱ ውስጥ ከዚህ የበረታ አጥር ማግኘት ያስቸግራል። ይሁንና በዚያው ትእዛዝ ማብቂያ ላይ፣ እንደ ዋዛ ጣል የተደረገች አንዲት ሐረግ አለች፤ የመለከቱ ድምፅ ሲረዝም ወደ ተራራው መውጣት እንደሚቻል ትናገራለች። ስለዚህች ሐረግ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ወጪዎቹ እነማን ናቸው? መለከቱስ መገለጡን የሚያበሥር ነው ወይስ የሚዘጋ?

በታልሙድ የተመዘገበው የረቢ ዮሴ አነባበብ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳምነኛል። ረቢው የሰውና የቦታ ክብር ከየት ወደ የት እንደሚሻገር ሲያስረዳ ሲናን ምስክር አድርጎ ይጠራል። የአምላክ ክብር ባረፈበት ሰዓት በጎችና ላሞች እንኳ ፊት ለፊቱ እንዳይሰማሩ ተከለከለ፤ ክብሩ በተነሣ ጊዜ መለከቱ ተነፋ፣ ክልከላውም አበቃ። በዚህ አነባበብ መሠረት በማግሥቱ አንድ እረኛ መንጋውን ይዞ ቢወጣበት የሚከለክለው የለም። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ፣ ሙሴ ራሱ መጀመሪያ ወደዚያ የመጣው የአማቱን የዮቶርን በጎች እየጠበቀ መሆኑ ነው። ተራራው ግጦሽ ነበረ፤ ለጥቂት ጊዜ እሳት ሆነ፤ ከዚያም ወደ ግጦሽነቱ ተመለሰ።

(ሌላም የረቢዎች ትረካ አለ፤ ታቦርና ቀርሜሎስ ሕጉ በእኛ ላይ ይሰጥ እያሉ ሲሽቀዳደሙ፣ ሲና ግን ዝቅ ያለ በመሆኑ ተመረጠ የሚል። ሰባኪዎች ይወዱታል። እኔ እምብዛም አልወደውም፤ ድንጋዩን ትሑት ተማሪ አድርጎ ሽልማት ይሰጠዋልና።)

የተራራው ስም እንኳ አንድ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ኮሬብ ማለትን ያዘወትራል፤ ሲና የሚለውን ስም የሚያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሴ ምርቃት መግቢያ ላይ ነው። ኮሬብ በዕብራይስጥ ከመድረቅና ከባድማነት ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ርቀቱን በሚመለከት የዘዳግም መግቢያ ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ 11 ቀን ያስኬዳል ይላል። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 33 የሰፈሩባቸውን ቦታዎች በየተራ ይዘረዝራል፤ ከእነዚያ ስሞች የሚበዙትን ግን ዛሬ በካርታ ላይ በእርግጠኝነት ማመልከት አይቻልም። በግብፅ ሲና ልሳነ ምድር ያለው፣ 2,285 ሜትር ከፍታ ያለው ጀበል ሙሳ፣ የኦሪቱ ተራራ ሆኖ የታወቀው በክርስቲያኖች ትውፊት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኤጌሪያ የተባለች ተሳላሚ መነኮሳት እየመሯት ወጥታዋለች፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከግርጌው ዛሬ የቅድስት ካትሪን ገዳም የሚባለውን አሳነጸ። ሌሎች ጀበል ሰርባልን ይመርጣሉ፤ ሌሎች በኔጌቭ በረሓ ያለውን ሃር ካርኮምን፤ ሌሎችም በሳውዲ አረቢያ የሚገኘውን ጀበል አል ላውዝን። ፍለጋውን አልነቅፍም፤ የሰው ልጅ የተጻፈን ነገር በዓይኑ ማየት ይወዳል። ነገር ግን የኦርናን አውድማ ዋጋ እስከ ሰቅሉ ድረስ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ሕጉን የተቀበለበትን ተራራ መንገድ የዘነጋው በግድየለሽነት ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ሐሳቤን የሚፈታተን አንድ መጽሐፍ አለ፤ ልሸሽገውም አልሻም። እርሱም መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች በኩምራን ዋሻዎች ቢገኙም፣ ሙሉውን ጠብቆ ለዓለም ያስረከበው ግእዝ ብቻ ነው። ኩፋሌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በሲና ላይ የሚነገር ነው፤ ሙሴ ተራራው ላይ ሆኖ የመልአኩን ትረካ ይጽፋል። የሰባቱን ሱባዔ በዓልም ከቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል። በኦሪት ውስጥ ግን ይህ በዓል የመከር በዓል ነው፤ ከሕጉ መሰጠት ጋር መያያዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። ኩፋሌ ምድር ለኖኅ ልጆች ስትከፈል ሲናን ከኤደን ገነትና ከጽዮን ጋር በሴም ዕጣ ውስጥ ያገባዋል። እነሆ፣ ባለቤት ሰጠው! መጽሐፉ የተጻፈው በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን፣ የምድሪቱ ድንበር የዕለት ክርክር በሆነበት ጊዜ ነውና አሳቡ ይገባኛል። ቢሆንም የኦሪት ዘጸአት ጸሓፊ ዝም ያለበትን ኩፋሌ መናገር ግድ የሆነበት መሆኑ ራሱ፣ ዝምታው ለጥንቱም አንባቢ ይጎረብጥ እንደ ነበረ ያሳያል።

ከእነዚያ ሁሉ ትውልዶች መካከል ወደ ተራራው ተመልሶ እንደ ሄደ የተጻፈለት አንድ ሰው ነው፤ ኤልያስ። በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት ተፎካክሮ አሸንፏል፤ እሳት ወርዷል፤ ለዓመታት የጠፋው ዝናብ ዘንሟል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ከንግሥቲቱ ከኤልዛቤል የሞት ዛቻ መጣበትና ሸሸ። ከቤርሳቤህ ወዲያ ባለው በረሓ በአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። መልአክ ቀስቅሶ አበላው፤ በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ ሙሴ በተራራው ላይ የቆየው ይህንኑ ያህል ነው። ከቤርሳቤህ ተነሥቶ ወደ ሲና ልሳነ ምድር ለሚወርድ እግረኛ 40 ቀን እጅግ የበዛ ነው። ጸሓፊው የሚለካው የእግር መንገድ አልነበረም።

ተስፋ የቆረጠ ነቢይ ሕዝቡ ወደ ተወለደበት ስፍራ ሲመለስ፣ ተራራው እቅፉን ከፍቶ ይቀበለዋል ብለን እንጠብቃለን። እንግዳው ግን ገና ከመድረሱ እዚያ ምን እንደሚፈልግ ተጠየቀ። ለአምላኩ መቅናቱን፣ ሕዝቡ ቃል ኪዳኑን መተዉን፣ ብቻውን መቅረቱን ተናገረ። ከዚያ ብርቱ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት ተከታትለው መጡ። ከእነዚህ መካከል መናወጡና እሳቱ በሙሴ ዘመን የመገለጡ ምልክቶች ነበሩ። አሁን ግን አምላክ በአንዳቸውም ውስጥ እንዳልነበረ ጸሓፊው ሦስት ጊዜ እየመላለሰ ይነግረናል። በመጨረሻ የመጣው እጅግ ቀጭን ነገር ነው፤ የዕብራይስጡ ሐረግ ድምፅንና ዝምታን አንድ ላይ ስለሚያስር ተርጓሚዎችን ሲያስቸግር ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ነቢዩም ያንኑ መልስ ቃል በቃል ደገመ።

ይህ መደጋገም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰውየው በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ዓለት የሚሰነጥቅ ነፋስ አይቷል፤ የተናገረው ግን አልተለወጠም። ለልመናውም የተሰጠው ምላሽ የመመለሻ መንገድ ነበር፤ ወደ ደማስቆ ምድረ በዳ እንዲሄድ፣ አዛሄልን በሶርያ፣ ኢዩን በእስራኤል ላይ እንዲቀባ፣ ኤልሳዕንም በገዛ ራሱ ፋንታ እንዲሾም። ሦስቱም ሥራዎች ያሉት ሸሽቶ በመጣበት አቅጣጫ ነው። በተራራው ላይ እንዲቆይ፣ የሙሴን መሠዊያ እንዲያድስ፣ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ እንዲቀመጥበት የሚል አንድ ቃል አልተነገረውም። ከእርሱ በኋላ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ወደዚያ የሄደ ሰው አይጠቀስም።

ጽዮንስ? የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጽዮን አድራሻ አላት፣ ዋጋ አላት፣ ንጉሥ አላት። መዝሙረ ዳዊትም ለዘላለም ተመርጣለች ብሎ ይዘምርላታል፤ ይህን ለመካድ መጽሐፉን መቅደድ ያስፈልጋል። ጆን ሌቨንሰን የተባሉት አይሁዳዊ ምሁር በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት፣ በሁለቱ ተራሮች በተሰየመው መጽሐፋቸው፣ ሲናንና ጽዮንን እንደ ባላንጣ የሚያቆመውን የቆየ አስተሳሰብ በብርቱ ተከራክረውታል፤ ልክ ናቸው። እኔም ባላንጣ አላደርጋቸውም። ቅደም ተከተል ግን አላቸው። ሰሎሞን ታቦቱን ወደ ቤተ መቅደሱ ባስገባ ጊዜ፣ መጽሐፈ ነገሥት በታቦቱ ውስጥ ሙሴ በኮሬብ ካኖራቸው ሁለት ጽላት በቀር ምንም እንዳልነበረ ያስታውሰናል። ኮረብታው የተከበረው ከበረሓው ተሸክመው ባመጡት ነገር ነው።

ደግሞም ጽዮን ዝቅተኛ ናት። የቤተ መቅደሱ ኮረብታ ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ደብረ ዘይት ከ800 ሜትር ያልፋል። ኢየሩሳሌምን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ኢሳይያስና ሚክያስም ያውቁ ነበር። የቤተ መቅደሱ ተራራ ከኮረብቶች በላይ ከፍ እንደሚል፣ አሕዛብ ሕግ ፍለጋ ወደዚያ እንደሚጎርፉ፣ ሰይፍም የእርሻ መሣሪያ እንደሚሆን የተናገሩት ለሚመጣው ዘመን ነው። ሕዝብ የሚወደው ይህን ትንቢት ነው። በመጽሐፈ ሚክያስ ግን ከዚህ ተስፋ በፊት ባለው ቁጥር ላይ ያችው ጽዮን በአለቆቿ ጉቦና በነቢያቷ ገንዘብ ወዳድነት ምክንያት እንደ እርሻ ትታረሳለች፤ የቤተ መቅደሱም ተራራ ዱር ይሆናል። በሁለቱ መካከል አንዲት ማስታረቂያ ቃል የለችም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልነበረ የሚያሳየን ኤርምያስ ነው። በንጉሥ ኢዮአቄም መጀመሪያ ዘመን፣ በ609 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ቆሞ ይህ ቤት እንደ ሴሎ ሊሆን ይችላል በማለቱ ካህናቱና ነቢያቱ ይዘው ይሙት አሉት። ወንጀሉ ይህ ነበር፤ ቅዱሱ ተራራ ሊጠፋ ይችላል ማለት። ነፍሱ የተረፈችው ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ተነሥተው መቶ ዓመት ያህል የሆነውን የሚክያስን ቃል በስሙ ጠቅሰው፣ ያን ጊዜ ንጉሡ ሕዝቅያስ ነቢዩን እንዳልገደለው በማስታወሳቸውና አኪቃም የተባለ ሹም ስለ ደገፈው ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ያንኑ የመሰለ ቃል የተናገረው ኦርዮ ወደ ግብፅ ቢሸሽም ተይዞ ተመልሷል፤ በሰይፍም ተገድሏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ586 ዓመተ ዓለም፣ ባቢሎናውያን ቤቱን አቃጠሉት። ተራራውን ከነቢዩ ነፍስ አስበልጠው የተከላከሉት ሰዎች ተራራውን አላተረፉትም።

የእኛ አገር ትውፊት ይህን ነገር በራሱ መንገድ የተረዳው ይመስለኛል። በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፤ በአማርኛ ግን ደብር ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ በሜዳ ላይ የተተከለም ቢሆን። ጽዮንም በክብረ ነገሥት ከኢየሩሳሌም ተነሥታ የምትጓዝ ታቦት ናት፤ የኮረብታው ስም በትከሻ ለሚሸከሙት ነገር ተሰጠ። በሸዋ ቁልቁለት ላይ ያለችውን ከተማ ደብረ ሲና ብለው የሰየሟት ሰዎች፣ ሲና ከግብፅ ማዶ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ በጀበል ሙሳ ግርጌ የባለቤትነት ክርክር ተነሥቷል። ግብፅ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአካባቢው ሰፊ የቱሪዝም ግንባታ ስታካሂድ ቆይታ፣ በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) በኢስማኢሊያ ያለ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሬቱ የመንግሥት ነው፣ መነኮሳቱ ግን የመገልገል መብት አላቸው ሲል ወሰነ፤ ግሪክና የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ተቃወሙ። ሐሳቤ እዚህ ላይ በተሳሳተ እጅ እንዳይገባ እሰጋለሁ። ተራራው ባለቤት የለውም ማለት ከ14 ክፍለ ዘመን በላይ በጸሎትና በመጻሕፍት ጥበቃ የኖሩ ሰዎች ከደጃቸው ይነሡ ማለት አይደለም። በአንድ ቦታ መኖር፣ አትክልቱን ማጠጣት፣ ሙታንን መቅበር የሚያስገኘው መብት አለ፤ እርሱ በሕግ ይጠበቅ። እኔ የምቃወመው ሌላውን ነው፤ አምላክ እዚህ ተናግሯልና የእኔ ነው የሚለውን። ለሆቴል የሚታጠረውም ለሃይማኖት የሚታጠረውም መለከቱ ያነሣውን አጥር መልሶ የሚተክል ነው። በኢየሩሳሌሙ ኮረብታ ላይ ይህ አስተሳሰብ በየትውልዱ ያስከፈለውን ደም እዚህ መቁጠር አያስፈልገኝም።

ከዚህ ይልቅ ቤተ እስራኤልን ላንሣ። ስግድን (ምህላም ይሉታል) ሲያከብሩ፣ ከአስተሥርዮ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ጾመው፣ ነጭ ለብሰው ተራራ ይወጡ ነበር። አንዳንዶቹ ለትሕትና ድንጋይ ተሸክመው ነው የሚወጡት። ከላይ ሲደርሱ ቄሶቹ ከኦሪት በግእዝ ያነብባሉ፤ ሕጉ የተሰጠበት ምዕራፍ ይነበባል፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ይጸልያል። በጎንደር አካባቢ አምቦበር ላይ የሚወጡት ሲና መሆኑን ማንም አላረጋገጠላቸውም፤ ማረጋገጫም አልጠየቁም። በዚያች ቀን ተራራው ሲና ነበር። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ስግድን ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ ካወቀው ወዲህ፣ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺብ በተባለው ከፍታ ላይ ይሰበሰባሉ። አያቶቻቸው የተመኟት ጽዮን ከፊት ለፊታቸው ትታያለች፤ እነርሱ ግን ከሌላ ኮረብታ ላይ ሆነው፣ ቄሶቹ በደማቅ ጃንጥላ ሥር ቆመው፣ ዛሬም ሲናን ያነብባሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ይፈሰካል፣ ዳቦም ይቆረሳል።